ሥርዓት የሚፈርሰው በመጋጠሚያው ነው፦ የሥርዓት ምህንድስናን ወደ ተቋማት ስለማስገባት

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ



ንግግሬን የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ተቋም ሠራተኞቹን በሥርዓት ምህንድስና እንዳሠለጥንለት ጠየቀኝ። ሦስት ቀን አሠለጠንሁ፤ ወፍራም መመሪያ ጻፍሁ፤ ከመመሪያውም ጋር ብዙ ቅጾች አዘጋጀሁ። በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ታደለ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። እኔም «የሥርዓት ምህንድስና ወደዚህ ተቋም ገባ» ብዬ ደስ ብሎኝ ተመለስሁ።

ዓመት ከመንፈቅ ካለፈ በኋላ በሌላ ጉዳይ ወደዚያው ግቢ ስሄድ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶ አገኘሁ። የሕንፃው አንድ ግድግዳ ግን በመዶሻ እየፈረሰ ነበር። ምክንያቱን ብጠይቅ ከውጭ የመጣው ማሽን በበሩ አልገባም ብሎ መሆኑን ነገሩኝ። የፕሮጀክቱን መዝገብ እንዲያሳዩኝ ለመንሁ። ቅጾቼ ሁሉ ተሞልተዋል፤ ተፈርሞባቸዋል፤ ማኅተምም አርፎባቸዋል። ስለ መጋጠሚያዎች በሚጠይቀው ቅጽ ላይ የተጻፈው ግን አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «አይመለከተውም»። በዚያ የነበሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ቴክኒሻን ቀረብ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ የማሽኑን ስፋት እኔ አውቀው ነበር። የበሩን ስፋት ደግሞ ግንበኞቹ ያውቁታል። የእርስዎን ቅጽ የሚሞሉት ሰዎች ግን ከሁለታችንም ጋር ተነጋግረው አያውቁም።»

ዛሬ የምናገረው ሁሉ ለእኒያ ሰው ዘግይቶ የተሰጠ መልስ ነው ብትሉ አልቃወምም። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የሥርዓት ምህንድስና ወደ አንድ ተቋም ገባ የሚባለው መቼ ነው? ከአንዱ የሥራ ዘርፍ ወደ ሌላው ሲሻገርስ የሚሻገረው ምኑ ነው? የምጠቅሳቸው ዓመታት ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ» የሚለው ስያሜ በ1940ዎቹ በአሜሪካ የቤል የስልክ ላቦራቶሪዎች ውስጥ በሥራ ላይ እንደ ዋለ ይታወቃል። የስልክ መረብ ለጉዳዩ ጥሩ ምሳሌ ነው። የስልክ ቀፎው፣ ሽቦው፣ ማዞሪያው እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ደኅና ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሁለት ሰዎች መነጋገር ካልቻሉ ግን ሥርዓቱ አልሠራም ማለት ነው። የመካኒካል መሐንዲስ ስለ ክፍሉ ጥንካሬ፣ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ስለ ዑደቱ ይጠይቃል። የሥርዓት መሐንዲስ ግን የሚጠይቀው ክፍሎቹ በሚገናኙበት ቦታ ስለሚሆነው ነገር ነው፦ ከዚህ የሚወጣው በዚያ ከሚጠበቀው ጋር ይስማማልን? እዚህ የተለወጠው እዚያ ተሰምቷልን? ይህን ቦታ ነው እኔ «መጋጠሚያ» የምለው። መጋጠሚያው ብሎንና ቀዳዳ ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ኮምፒዩተሮች መካከል የሚተላለፍ ቁጥርም ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሁለት የሥራ ክፍሎች ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። ስለ ሥራ ክፍፍል ከዚህ የተሻለ አጭር ትምህርት አላውቅም። ነገር ግን ምሳሌው አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፦ ሃምሳው ሰው በየመንገዱ ሲበተን ሃምሳው ሎሚ አንድ ቦታ መድረሱን የሚቆጥረው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ መልስ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ከታሪክ አንድ ጉዳይ ላቅርብ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በርካታ የአውሮፓ አገሮች የራሳቸውን ሳተላይት ማምጠቂያ ሮኬት ለመሥራት ኤልዶ የተባለ ድርጅት አቋቋሙ። ሮኬቱም ዩሮፓ ተባለ። የመጀመሪያውን ደረጃ ብሪታንያ፣ ሁለተኛውን ፈረንሳይ፣ ሦስተኛውን ምዕራብ ጀርመን፣ የሙከራ ሳተላይቶቹን ጣሊያን፣ በምድር ላይ ያለውን የመምሪያ ጣቢያ ቤልጅየም፣ የበረራ መረጃ መቀበያውን ኔዘርላንድስ ወሰዱ፤ አውስትራሊያ ደግሞ የማስወንጨፊያ ቦታ ሰጠች። እያንዳንዱ መንግሥት ገንዘቡን ለራሱ ኩባንያዎች ይከፍል ነበር። ማዕከላዊው ጽሕፈት ቤት ስብሰባ ይጠራል፤ ደብዳቤ ይጽፋል፤ አንዱን አገር «ከጎረቤትህ ክፍል ጋር እንዲስማማ ይህን ለውጥ» ብሎ የማዘዝ በቂ ሥልጣን ግን አልነበረውም።

የመጀመሪያው ደረጃ ለብቻው በተሞከረ ጊዜ ጥሩ በረራ አሳየ። ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ። በነሐሴ 1967 በተደረገው ሙከራ ሁለተኛው ደረጃ አልቀጣጠለም። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ደግሞ አንደኛውና ሁለተኛው ደረጃ ሳይለያዩ ቀሩ። በ1968 እና በ1969 ሦስተኛው ደረጃ ከሸፈ። በ1970 ሦስቱም ደረጃዎች ሠሩ፤ ሳተላይቱን የሚሸፍነው ሾጣጣ ክዳን ግን ሳይወድቅ ቀረ፤ በክብደቱም ምክንያት ምሕዋር ላይ መድረስ አልተቻለም። በኅዳር 1971 ተሻሽሎ የተሠራው ሮኬት ከኩሩ ሲወነጨፍ የመምሪያው ኮምፒዩተር በበረራ ላይ ሥራ አቆመና ሮኬቱ ጠፋ። ዩሮፓ አንድም ሳተላይት ምሕዋር ላይ ሳያስቀምጥ በ1973 ፕሮግራሙ ተዘጋ።

እነዚህ አገሮች መሐንዲስ አጥተው ነበርን? በፍጹም። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ተባብረው አሪያን የተባለውን ሮኬት ሠሩ። በዚህ ጊዜ ግን የፈረንሳይ የጠፈር ድርጅት የፕሮግራሙን አመራርና የቴክኒክ ኃላፊነት በአንድነት እንዲይዝ ተደረገ፤ በ1975ም የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ተመሠረተ። አሪያን ታኅሣሥ 24 ቀን 1979 በመጀመሪያው በረራው ተሳካለት። በእርግጥ የንድፉ ቀላልነትና ከዩሮፓ የተገኘው መራራ ልምድም የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ዋናው ልዩነት ግልጽ ይመስለኛል፦ ችሎታው ቀድሞም ነበረ፤ ያልነበረው የመጋጠሚያዎቹ ባለቤት ነው።

ባለቤት መሾም ብቻውንም አይበቃም፤ ለውጥን የሚቆጣጠር ልማድ ያስፈልጋል። በ1964 የሚኒትማን ሚሳይል ፕሮግራም መሪ የነበሩት ጄኔራል ሳሙኤል ፊሊፕስ የአፖሎን ፕሮግራም እንዲያግዙ ወደ ናሳ መጡ። ይዘውት ከመጡት ነገር ዋነኛው የለውጥ ቁጥጥር ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ንድፍ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ማንም ብቻውን አይለውጠውም። መለወጥ የሚፈልግ ሰው ለውጡ ምን ያህል ጊዜ፣ ገንዘብና ክብደት እንደሚጨምር፣ የማንን ሥራ እንደሚነካ ያቀርባል፤ የሚነካቸው ሰዎች ከሰሙ በኋላ ውሳኔ ይሰጣል። ብዙ መሐንዲሶች ይህን እንደ ቢሮክራሲ ቆጥረው ተቃወሙት። ተቃውሟቸው መሠረት የለውም አልልም፤ በቅጽ የታጀለ ቁጥጥር ሥራን ይገድላል። ሆኖም የቁጥጥሩ ነፍስ ወረቀቱ አይደለም፤ ወረቀቱ «ለእኔ ሳይነገረኝ ተለወጠ» የሚል ሰው እንዳይኖር ማድረጊያ መሣሪያ ነው።

አፖሎ ወደ ስኬቱ ሲገሰግስ በአሜሪካ አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ ወደ ጨረቃ የሚያደርስ ዘዴ የከተማን ችግር እንዴት አይፈታም? የካሊፎርኒያው ገዥ ፓት ብራውን በ1965 ለአራት የኤሮስፔስ ኩባንያዎች ጥናት ሰጡ፤ ጉዳዮቹም የትራንስፖርት፣ የቆሻሻ አወጋገድ፣ የወንጀልና የመንግሥት መረጃ አያያዝ ነበሩ። ጥናቶቹ ተጠናቅቀው ቀረቡ፤ የተጠበቀውን ለውጥ ግን አላመጡም። የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዋ አይዳ ሁስ በኋላ ይህን ዓይነቱን ሙከራ አጥብቀው ነቅፈዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጠፈር ፕሮግራም ደንበኛው አንድ ነው፤ ግቡም አንድ ነው፤ የመጨረሻው ቀንም ተቆርጧል። በከተማ ግን ቆሻሻ የሚጥለው፣ የሚያነሣው፣ የሚከፍለውና ከማከማቻው አጠገብ የሚኖረው ሰው የተለያዩ ናቸው፤ ጥሩ ውጤት ምን እንደ ሆነም አይስማሙም። ሮኬት ስለ ራሱ ግብ አይከራከርም፤ ሰው ግን ይከራከራል። ስለዚህ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ ስንሻገር የመጀመሪያው መጋጠሚያ በሰዎቹ ፍላጎቶች መካከል ያለው ነው።

ይህ ማለት ግን ዘዴው ከአየርና ከጠፈር ሥራ ውጭ አይሠራም ማለት አይደለም። የቀዶ ሕክምናን ጉዳይ እንመልከት። አብራሪዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት የማረጋገጫ ዝርዝር በዓለም የጤና ድርጅት አስተባባሪነት ለቀዶ ሕክምና ክፍል ተስማምቶ ተዘጋጀ። 19 ነጥቦች አሉት፤ የሚነበበውም በሦስት ጊዜ ነው፦ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታካሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ሦስቱም ሥራ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ የሚያልፍባቸው መጋጠሚያዎች ናቸው። በ8 የዓለም ከተሞች በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት የታካሚዎች ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ቀጥሎ የመጣው ግን ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ ይጠቅማል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ይህንኑ ዝርዝር እንዲጠቀሙ ግዴታ ተጣለባቸው። በ2014 የታተመ ጥናት 101 ሆስፒታሎችን መርምሮ ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ መቀነሱን፣ ይህም በስታቲስቲክስ ሚዛን ጉልህ አለመሆኑን አሳየ። ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ባቀረቡት ሪፖርት ግን የዝርዝሩ አጠቃቀም እጅግ ከፍተኛ ነበር። ተመራማሪዎች በምክንያቱ ላይ ተከራክረዋል፤ እኔ ግን ሪፖርቱን ሳነብ የታየኝ የራሴ ቅጽ ነው፤ «አይመለከተውም» ተብሎ ማኅተም የተመታበት። ዝርዝሩን ምልክት እያደረጉ መጨረስ ይቻላል። ነርሷ ሐኪሙን «አንድ ጊዜ ይቁሙ» ማለት ካልቻለች ግን ዝርዝሩ ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ እኛው ሐዘን እመጣለሁ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ፤ 157 ሰዎችም ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ በፊት ባልሞላ አምስት ወር ውስጥ በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነው፤ በሁለቱም አደጋዎች ውስጥ ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ የሶፍትዌር ሥርዓት ድርሻ ነበረው።

ይህ ሥርዓት በአውሮፕላኑ ላይ ካሉት ሁለት የአንግል መለኪያ ሴንሰሮች በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። አንዱ ሴንሰር ሲሳሳት ሁለተኛውን የሚጠይቅ የለም። በንድፉ ሂደት ውስጥ የኤምካስ የመግፋት ኃይል ከመጀመሪያው እጅግ ከፍ እንዲል ተደርጓል፤ ይህ ለውጥ ግን ሊያውቁት ይገባ ለነበሩት ሁሉ በበቂ ሁኔታ አልደረሰም። ከመጀመሪያው አደጋ በፊት ስለ ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። የልዩ ልዩ አገሮች የአቪዬሽን ባለሥልጣናት የተሳተፉበት የቴክኒክ ቡድን በጥቅምት 2019 ባወጣው ሪፖርት፣ ኤምካስ ለማረጋገጫ በቀረቡት ሰነዶች ውስጥ እንደ አንድ ሙሉና የተቀናጀ ተግባር አልተገመገመም ብሏል።

ይህን አረፍተ ነገር ደጋግማችሁ እንድታስቡበት እለምናለሁ። ጉዳዩ የደረሰው የሥርዓት ምህንድስናን በማያውቅ ድርጅት ውስጥ አይደለም። መመሪያው፣ ቅጹ፣ ባለሙያው፣ የአሥርተ ዓመታት ልምዱ ሁሉ ነበረ። የጎደለው ቁርጥራጮቹን እንደ አንድ ነገር አድርጎ የማየት፣ ለውጡንም ከዳር እስከ ዳር የማሰማት ግዴታ ነው። ስለዚህ የሥርዓት ምህንድስና አንዴ ገብቶ የሚቀመጥ ንብረት አይደለም፤ በጊዜ ጥድፊያና በወጪ ጫና ውስጥ በየቀኑ ካልተጠበቀ ከገባበት ተቋም ሊወጣም ይችላል። በእርሻ ማሳ ላይ የወደቀው አውሮፕላን ያስተማረን ይህን ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ደግሞ በመጋጠሚያው ላይ ምንም ሥልጣን ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው።

እንግዲህ ዛሬ አንድ ተቋም እንደ ቀድሞው ቢጠራኝ ምን አደርጋለሁ? አራት ነገሮችን እላለሁ።

አንደኛ፣ በሥልጠና አልጀምርም፤ ተቋሙን በትክክል በሚያሠቃይ አንድ ችግር እጀምራለሁ። ችግሩ ያለፈባቸውን እጆች ሁሉ፣ ከዕቅድ እስከ ጥገና፣ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ አስላለሁ። ሥራ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍበትን ነጥብ ሁሉ በቀይ አከብባለሁ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ከቀዮቹ ክቦች በአንዱ ውስጥ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ቀይ ክብ አንድ ባለቤት እንዲሰየም እጠይቃለሁ፤ ኮሚቴ ሳይሆን ሰው። ይህ ሰው «ይቁም» ብሎ ሥራ የማስቆም ሥልጣን እንዲኖረው፣ ስላስቆመም እንዳይቀጣ ከበላይ አመራሩ ቃል እቀበላለሁ። ይህ ቃል ካልተሰጠኝ ሥራውን ባልጀምረው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሥርዓቱን የሚጠቀሙበትና የሚጠግኑት ሰዎች መስፈርት በሚጻፍበት ቀን እንዲገኙ አደርጋለሁ፤ ምረቃ ቀን ሳይሆን። የበሩንና የማሽኑን ስፋት የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አራተኛ፣ የሌላውን ዘርፍ ቅጽ እንዳለ አላመጣም። በ2002 የወጣው የሥርዓት ምህንድስና ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይኤስኦ/አይኢሲ 15288፣ ራሱ ሂደቶቹ እንደ ሥራው ዓይነትና ስፋት እንዲመጠኑ ይፈቅዳል። ለሮኬት የተሰፋ ልብስ ለጤና ጣቢያ ወይም ለውኃ ቢሮ አይሆንም። ከዘርፍ ወደ ዘርፍ የሚሻገረው ጥያቄው ነው፦ ማን ከማን ጋር ይገናኛል? ምን ይለዋወጣሉ? አንዱ ሲለወጥ ሌላው በምን ይሰማል? መልሱን የሚጽፈው እያንዳንዱ ዘርፍ በራሱ ቋንቋ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ በአንድ ክፍል ባለሙያነት ትቀጠራላችሁ። የተሰጣችሁን ክፍል በሚገባ መሥራት ግዴታችሁ ነው፤ ግን ግማሹ ግዴታ ነው። ሌላው ግማሽ ተነሥቶ የጎረቤትን በር ማንኳኳትና «እኔ ይህን ልለውጥ ነው፤ አንተን ይነካሃልን?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ ቅጽ አያስፈልገውም፤ ቅጹ የሚጠቅመው ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ነው።

ያ ግድግዳ በኋላ ተጠገነ፤ ማሽኑም ገባ። እኔ ግን የቅጾቼን ቁጥር ከቀነስሁ በኋላ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «ይህን ከመሙላትህ በፊት ከማን ጋር ተነጋገርህ?» ባዶ ሆኖ የመጣ ወረቀት አልቀበልም።